ጎበዜ እስክስታ ሊወርድ ነው፦ የትከሻ ሪግ ማስታወሻ ከደብረ ማርቆስ

ሰኔ 28

ሥራው ይሄ ነው። 20 ሰከንድ የምትሆን አኒሜሽን። አንድ ሰውዬ፤ ቁምጣ የለበሰ፣ ጋቢ የደረበ፣ ዱላ የያዘ። ማሲንቆና ከበሮ ሲመታለት እስክስታ ይወርዳል። በቃ። ታሪክ የለው፣ ንግግር የለው፣ ከኋላው የጮቄ ተራራ እንኳ የለም። የፋይሉን ስም ጎበዜ ብዬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ጎበዜ ስል እሱን ነው።

ክረምት ስለሆነ ትምህርት ተዘግቷል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። ለእንቁጣጣሽ ትደርሳለች ብያለሁ። እንደኔ በትርፍ ሰዓቱ ብሌንደር (የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራሙን) የሚነካካ ሰው ይጠቅመው እንደሆነ የምሠራውን እየሠራሁ እዚሁ እጽፋለሁ። የተሟላ ትምህርት አትጠብቁ። የሚያስቸግረው ላይ እቆያለሁ፣ ቀላሉን እዘለዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ብሌንደር ከ4.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ከወጣው ጀምሮ፣ በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ ኦፕንጂኤል 4.3 የሚችል ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል። የኔው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ 3.6 ላይ ነኝ፤ ለሪግ ሥራ፣ ማለትም ሞዴሉን የሚያንቀሳቅሱትን አጥንቶች ለመግጠም፣ ምንም አይጎድለውም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። 4.0 ላይ አጥንቶችን በቡድን የሚያስቀምጠው የአጥንት ሌየር የሚባለው ቀርቶ ቦን ኮሌክሽን መጥቷል። ዩቲዩብ ላይ አስተማሪው የሚነካው ቁልፍ እናንተ ጋ ከጠፋ፣ ከመናደዳችሁ በፊት የሱን ቨርዥን እዩ።

አሁን ወደ ዋናው። አብዛኛው በነጻ የሚገኝ ሪግ የተሠራው ለሚራመድ፣ ለሚሮጥና ለሚዘል ሰው ነው። እዚያ ላይ ትከሻ ክንድ ሲነሳ ትንሽ ይከተላል እንጂ የራሱ ሥራ የለውም። እስክስታ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እጁ ወገቡ ላይ አርፎ ቁጭ ብሏል፣ የሚሠራው ትከሻው ነው። እንዲህ ያለውን ሪግ አምጥታችሁ እስክስታ ምታ ብትሉት መንጠልጠያ ላይ እንደተሰቀለ ኮት ነው የሚሆነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ከፍ፣ አንድ ላይ ዝቅ።

ስለዚህ ውሳኔዬ፦ ፊት፣ ጣት፣ ፀጉር፣ የጋቢ ጥለት ምናምን ሁሉ ይቆዩ። ትከሻው መምታት እስኪችል ድረስ ጎበዜ ዓይን እንኳ አይኖረውም። ብዙ ጀማሪ ፊቱን አሳምሮ፣ ሽፋሽፍት ተክሎ፣ ከዚያ ነው አጥንት የሚያስገባው፤ አጥንቱ አልገጥም ሲለው ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል።

ሐምሌ 3

ሞዴሉ አለቀ ማለት ይቻላል። ሻካራ ነው፣ መልክ የለውም፣ ግን ቁመናው ሰው ነው።

ያቆምኩት ክንዶቹን ወደ ጎን ዘርግቶ አይደለም። ወደ 45 ዲግሪ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ምክንያቱም እስክስታ ላይ ክንድ ሁልጊዜ ታች ነው፤ ወይ ወገብ ላይ፣ ወይ ዱላ ላይ። ክንዱን ዘርግታችሁ ሞዴል ከሠራችሁት የትከሻው ሥጋ ሥራውን በሙሉ ከመነሻው ርቆ ተጨማዶ ነው የሚያሳልፈው። ገጸ ባሕርይው አብዛኛውን ጊዜ የሚቆምበትን አቋም አስቡና ሞዴሉን ወደዚያ አቅርቡት።

አጥንት ከመግባቱ በፊት ሞዴሉን መርጣችሁ ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ፤ ስኬሉና ሮቴሽኑ አፕላይ ይሁን። ይሄን ሁሉም ሰው ይናገራል፣ እኔም እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ «አጥንቱ ለምን ይጠማዘዛል» ከሚሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ እዚህ ነው የሚጀምሩት።

ሪግ በራሱ የሚሠራውን ሪጊፋይን አልተጠቀምኩም። ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ብሌንደር ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ለሙሉ ሰውነት ብዙ ድካም ያቀልላል። ለዚህ ሥራ ግን የማልፈልገው ብዙ ነገር አለው፣ የምፈልገው የትከሻ ሰሌዳ (ከኋላ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት) ደግሞ የለውም። የምትጠቀሙ ከሆነ ግን አንድ ምክር፦ ማስተካከያችሁን ሁሉ ሜታሪጉ (ሪጉ የሚወጣበት መነሻ አጥንት) ላይ አድርጉ። ከሱ የወጣውን ሪግ እየነካካችሁ ከርማችሁ እንደገና ጀነሬት ስትሉ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። የአዶቤው ሚክሳሞም አለ፤ ሞዴሉን ስትሰቅሉለት ራሱ አጥንት ይገጥምለታል፣ ክፍያም የለውም። ግን ያለ ኢንተርኔት ወፍ የለም። እኛ ሰፈር ኔት ሲመጣ ሻይ ሳይፈላ ተመልሶ ይሄዳል፣ ስለዚህ በእጄ።

ግራውን ብቻ ነው የምሠራው። የአጥንቱ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብና ኤል አድርጌ፣ ሲያልቅ ሲሜትራይዝ ስለው ቀኙን ራሱ ይሠራዋል። ስም ማውጣት ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን በኋላ አቋም ኮፒ አድርጋችሁ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ የሚሠራው በዚሁ ስም ነው።

አሁን የማንገቻው አጥንት፤ አንገት ሥር ከደረት ተነስቶ ወደ ትከሻ ጫፍ የሚሄደው ቀጭኑ። እስኪ ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ሥር ያለችው ጎድጓዳ ላይ አድርጉ። ከሷ ግራና ቀኝ ነው የሚነሳው። ከፊት ነው! ብዙ ሪግ ላይ ግን ከአከርካሪው ወይም ከሰውነቱ መሃል ሲነሳ ታያላችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ አይደለም። ከመሃል ሲነሳ ትከሻው ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። ከፊት ሲነሳ ግን ሲወጣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ደግሞ ደረቱ ይጠብባል፣ ልክ እንደ ሰው። የጎበዜን አጥንት መነሻ ወደ ፊት ስስበው ገና ምንም ዌይት (አጥንቱ ሥጋውን የሚጎትትበት መጠን) ሳይኖረው ትከሻው የሰው መሰለ።

ከኋላ ደግሞ ለትከሻ ሰሌዳው አንድ አጥንት ጨመርኩ። እሱን በእጅ አላንቀሳቅሰውም። ኮፒ ሮቴሽን የሚባለውን ኮንስትሬይንት ሰጥቼ ማንገቻውን በግማሽ እንዲከተል አደረግኩት፤ ኢንፍሉዌንሱ 0.5። ጀርባው ሕይወት የሚያገኘው በዚህ ነው፣ ጎበዜ ዞሮ ሲመታ ማለቴ ነው።

ሮሉንም (አጥንቱ በራሱ ዙሪያ ያለውን ዙረት) አሁኑኑ አስተካክሉት። ትከሻ ወደ ላይ ሲወጣ በአንድ ዘንግ ብቻ፣ ወደ ፊት ሲገፋ በሌላው ብቻ እንዲዞር። ከዚያ የማንገቻውን ሮቴሽን ሞድ (ዙረቱ በቁጥር የሚጻፍበትን መንገድ) ከኳተርኒየን ወደ ኤክስዋይዜድ ኦይለር ለውጡት። ኳተርኒየን አራት መስመር ነው፣ ግራፍ ኤዲተር ላይ ስታዩት የትኛው ምን እንደሚያደርግ አይገባችሁም። ኦይለር ላይ ግን አንዱ መስመር «ላይና ታች» ነው፣ ሌላው «ፊትና ኋላ» ነው። ትከሻ ብዙ ስለማይዞር ኦይለር የሚያመጣው ጣጣ (ሁለት ዘንጎች ተደራርበው አንዱ አቅጣጫ መጥፋቱ) እዚህ አያሰጋም።

እጁስ? ማንገቻው ሲንቀሳቀስ ክንዱ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ወገብ ላይ ያረፈው እጅ ይነሳል። ይሄ ለእስክስታ አይሆንም። እጁን አይኬ አደረግኩት፣ ማለትም እጁ አንድ ነጥብ ሲከተል ክንዱ ራሱ ይታጠፋል፤ የሚከተለውን መቆጣጠሪያ አጥንት የዳሌው ልጅ አደረግኩት። አሁን ትከሻው ቢዘል እጁ ወገቡን አይለቅም። የክርኑን አቅጣጫ የሚይዘውን ፖል ግን ለዳሌው አልሰጠሁትም፣ ለደረቱ ነው የሰጠሁት። ደረቱ ሲመታ ክርኑም ትንሽ ይርገበገባል። ክንዱ ላይ ትንሽ እጥፋት መተውን አትርሱ፤ ጥርት ብሎ ከተዘረጋ ትከሻው ሲወጣ የሚለቅቀው ትርፍ ስለሌለው ክርኑ ጠብ ብሎ ይዘላል።

ሐምሌ 9

ዌይት ፔይንት፤ የትኛው አጥንት የትኛውን ሥጋ ምን ያህል እንደሚጎትት በቀለም መቀባት፣ ቀይ ሙሉ በሙሉ፣ ሰማያዊ ምንም። ማንም የማይወደው ሥራ።

መጀመሪያ አውቶማቲኩን ሞከርኩ። አጥንቱ ሙቀት መፍትሔ አላገኘም የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣባችሁ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ነጥቦች ናቸው። ኤዲት ሞድ ገብታችሁ ሁሉንም መርጣችሁ ኤም ተጫኑና ባይ ዲስታንስ በሉት። እምቢ ካለ ሞዴሉንም አጥንቱንም አንድ ላይ 10 እጥፍ አሳድጋችሁ ሞክሩ፤ በጣም ትንሽ ሞዴል ላይ ስሌቱ ይቸገራል። ቁልፍ፣ ቀበቶ፣ ጥርስ የመሳሰሉ ተለጣፊ ነገሮችን ግን ከመጀመሪያው ለይታችሁ ለአንድ አጥንት ሙሉ በሙሉ ስጧቸው።

አውቶማቲኩ እግሩን አሪፍ አድርጎ ሠራው፣ ትከሻውን አበላሸው። የተጠበቀ ነው።

አሁን ዋናው ዘዴ። ቀለም መቀባት ከመጀመራችሁ በፊት የሙከራ አክሽን (ተቀምጦ የሚደጋገም እንቅስቃሴ) ሥሩ። ፍሬም 1 ላይ ትከሻው በቦታው፣ 10 ላይ እስከ መጨረሻው ላይ፣ 20 ላይ ታች፣ 30 ላይ ወደ ፊት፣ 40 ላይ ወደ ኋላ፣ 50 ላይ አንዱ ላይ ሌላው ታች። ከዚያ ዌይት ፔይንት ውስጥ ሆናችሁ ታይምላይኑን ወዲያ ወዲህ እየጎተታችሁ ቀቡ። ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ ስትቀቡት ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል፣ ችግሩ የሚታየው ሲንቀሳቀስ ነው። ይቺን አክሽን አታጥፏት። ለሚቀጥለውም ካራክተር ትሆናለች።

አውቶ ኖርማላይዝ ይብራ። ካልበራ አንዱ አጥንት ላይ ስትጨምሩ ሌላው አይቀንስም፣ ቀዩና ሰማያዊው ይደበላለቅና መጨረሻው አይታወቅም።

ጎበዜ ላይ ያስቸገረኝ ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደው ሥጋ ነው። ትከሻው ሲወጣ ያ ቦታ መወፈር አለበት፤ የኔው ግን ወደ ውስጥ እየገባ ስንጥቅ ይሠራ ነበር። በዌይት ብቻ አይፈታም፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ። ማስተካከያ ሼፕ ኪ (በሌላ ቅርጽ የተቀመጠ የሞዴሉ ሥጋ፣ 0 ሲሆን የጠፋ፣ 1 ሲሆን ሙሉ) ነው መፍትሔው። ትከሻውን እስከ 25 ዲግሪ አንስቼ፣ ያንን ቦታ በስከልፕት ትንሽ አሳበጥኩት፣ ከዚያ ሼፕ ኪውን በድራይቨር (አንዱን ቁጥር በሌላው በሚነዳ ቀመር) ከማንገቻው ጋር አያያዝኩት። አጥንቱ ዜሮ ሲሆን ሼፕ ኪው ዜሮ፣ አጥንቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ሼፕ ኪው 1። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወናበዳል። ድራይቨር ማዕዘን የሚያነበው በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን ነው። 25 ዲግሪ 0.436 ገደማ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው ተለዋዋጩ ሲካፈል ለ0.436 ነው፤ ለ25 ካካፈላችሁት ሼፕ ኪው ያለ እስከማይመስል ድረስ አይነቃነቅም። ቁጥሩ ነጌቲቭ ከሆነባችሁ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርጉ፣ አለቀ።

ይሄን ሁሉ ማን ይሠራዋል ለምትሉ፣ ኮረክቲቭ ስሙዝ የሚባል ሞዲፋየር አለ። ከአርማቸር (ሞዴሉን ከአጥንቱ ጋር ከሚያያይዘው ሞዲፋየር) በታች ታስቀምጡታላችሁ፣ መጨማደዱን ያለሰልሳል። የሼፕ ኪውን ያህል አያምርም፣ ከሩቅ ለሚታይ ሰው ግን ከበቂ በላይ ነው።

ሐምሌ 10

መብራት ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ አብሮ ድርግም።

ብሌንደር ካልነካችሁት በየ2 ደቂቃው በራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ ሲመለስ ፋይል ውስጥ ሪከቨር ብላችሁ ታገኙታላችሁ። እሱን ግን ብቻውን አልተማመንበትም። ሴቭ አዝ ስትሉ ከፋይሉ ስም ጎን ያለችውን የመደመር ምልክት ስትጫኑ ቁጥሩን በራሱ ያሳድገዋል። ጎበዜ 01፣ ጎበዜ 02 እያለ ይሄዳል። አንድ ነገር በሠራ ቁጥር አዲስ ቁጥር። ማታ ማታ ወደ ፍላሽ። ክረምት ነው እኮ፣ ነጎድጓዱ አስተማማኝ ነው መብራቱ ግን አይደለም።

ሐምሌ 24

አጎቴ ከሉማሜ ለገበያ መጥተው እኛ ጋ አደሩ። አያ ነው የምላቸው። ሰርግ ላይ ክቡ መሃል የሚገቡ ሰው ናቸው፣ ስለዚህ ፍልሰታ ሳይገባ መቅረጽ ነበረብኝ። ከገባ በኋላ «እስክስታ ምቱልኝ» ብላቸው የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ።

ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፌ ከፊት ቀረጽኩ፣ ከዚያ ከጎን። ሁለቱም ያስፈልጋል። ከፊት ብቻ ካያችሁት ትከሻ ላይና ታች የሚል ብቻ ይመስላችኋል። የሚያምረው ፊትና ኋላው ነው፣ እሱ ደግሞ የሚታየው ከጎን ነው። ጋቢውንም አስወልቄያቸዋለሁ። «ያለ ጋቢ እስክስታ?» ብለው ትንሽ አንገራገሩ። «አያ፣ ትከሻዎትን ማየት አለብኝ፣ አንዴ ብቻ ድገሙልኝ» ብዬ ለመንኩ።

ከመቀጠሌ በፊት ለስልክ ቪዲዮ ተጠቃሚዎች፦ ስልክ ሲቀርጽ የፍሬም ፍጥነቱ እኩል አይደለም፣ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ብሌንደር ውስጥ እንዳለ ካስገባችሁት ድምፅና ምስሉ እየቆየ ይለያያል። መጀመሪያ በሃንድብሬክ ወደ ቋሚ 24 ቀይሩት፣ ከዚያ አስገቡት።

ፍሬም በፍሬም ሳየው ያገኘሁት ይሄ ነው። ትከሻቸው ከመውጣቱ በፊት በጣም በትንሹ ዝቅ ይላል፣ አንድ ፍሬም ቢሆን ነው። አወጣጡ ቀስ ያለ ነው፣ አወራረዱ ግን ፈጣን ነው፤ ምቱ ያለው መውረዱ ላይ ነው። ደረታቸው ከትከሻው ቀድሞ ይነሳል። ጉልበታቸው በጭራሽ ቀጥ አይልም፣ ከከበሮው ጋር ለስለስ ብሎ ይጎነበሳል። ጭንቅላታቸው ደግሞ፣ ይሄ ነው የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ትከሻ ከሥሩ እየተናጠ ዓይናቸው አንድ ቦታ ላይ ነው። በመጨረሻው ከባድ ምት ላይ ብቻ አንገታቸው ወደ ጎን ይሰበቃል።

ለሪጉ ምን ማለት ነው? የጭንቅላቱን አጥንት ከፍቼ የወላጁን አጥንት ዙረት የምታወርሰዋን፣ ኢንሄሪት ሮቴሽን የምትለዋን አጠፋኋት። አሁን ደረቱ ቢናወጥም ጭንቅላቱ አብሮ አይወዛወዝም፣ አንገቱን እኔ ስፈልግ ብቻ እሰብቀዋለሁ።

ነሐሴ 4

ሥጋውን ትቼ ጊዜውን ያዝኩ። ይሄኛው ክፍል የሚጣፍጠኝ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት።

ሙዚቃው ጓደኛዬ በማሲንቆ የተጫወተው ነው፣ ከበሮው የወንድሙ። የማንም ዘፈን ስላልሆነ ስለ ኮፒራይት አላስብም። ስንቀዳው ሜትሮኖም 120 ላይ አድርገን ነው፤ ይሄን ያደረግነው ለአኒሜሽኑ ስንል ነው። ሂሳቡን እዩት። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ፣ በደቂቃ 120 ምት ማለት አንድ ምት 12 ፍሬም ነው። ችክችካ ደግሞ 6/8 ነው፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። 12 ለ3፣ 4 ፍሬም። ሁሉም ምት ሙሉ ፍሬም ላይ ያርፋል። 130 ብናደርገው ኖሮ አንድ ምት 11 ፍሬምና ሽርፍራፊ ይሆን ነበር፣ እየቆየ ትከሻው ከከበሮው ይቀድም ወይም ይዘገይ ነበር። የተቀዳ ዘፈን ላይ የምትሠሩ ከሆነ ፍጥነቱን መምረጥ አትችሉም፤ ድምፁን ሲኩዌንሰር (የብሌንደሩ ቪዲዮ ማቀናበሪያ) ላይ አስገብታችሁ ዌቭፎርሙን አብሩና ከበሮው በመታ ቁጥር ማርከር ትከሉ። ማጫወቻውን ሲንክ ቱ ኦዲዮ ላይ አድርጉት፣ አለበለዚያ ደካማ ላፕቶፕ ምስሉን ያንቀራፍፈውና በሌለ ፍጥነት ላይ ትሠራላችሁ።

አራት ፍሬም ለአንድ ትከሻ ምት ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል። የአያን አወራረድ ተከትዬ ሦስቱን ፍሬም ለመውጣት፣ አንዱን ለመውረድ ሰጠሁ። እኩል ሁለት ሁለት ስታደርጉት የሚርገበገብ ማሽን ይሆናል። ከ4 በታች መውረድ ደግሞ አይሆንም። በየ2 ፍሬሙ ላይ ታች ላይ ታች ካላችሁት ዓይን ምት አያይም፣ መንቀጥቀጥ ነው የሚያየው፤ ሰውየው የበረደው ይመስላል። ፈጣኑን ትከሻ የግድ ከፈለጋችሁ እንቅስቃሴውን አሳንሱና ሞሽን ብለር አብሩ።

የምሠራበት ቅደም ተከተል፦ ዳሌና ጉልበት፣ ከዚያ ደረት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ አንገት። እጅ መጨረሻ። እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ሳልጨርስ ቀጣዩን አልነካም። ሁሉንም አጥንት በአንድ ጊዜ ኪፍሬም የሚያደርግ (አቋሙን ፍሬሙ ላይ የሚመዘግብ) ሰው አለ፣ በኋላ አንዱን ብቻ ማዘግየት ሲፈልግ ይቸገራል። የኔ ደረት ከትከሻው አንድ ፍሬም ይቀድማል፤ ለየብቻ ኪ ስላደረግኳቸው የደረቱን ኪዎች መርጬ አንድ ፍሬም ወደ ግራ መሳብ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ኢንተርፖሌሽን (ከአንዱ ኪ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ) ኮንስታንት ነው። አቋሙ ጠብ ጠብ እያለ ይቀያየራል፣ አያምርም፣ ግን ምቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ ወዲያው ይሰማል። ምቱ ሲያስጨበጭብ ነው ወደ ቤዚየር የማልፈው። ቤዚየር ሁሉንም ነገር ለስላሳ ማድረግ ይወዳል፤ ትከሻው ታች ሲያርፍ ግን ለስላሳ እንዲሆን አልፈልግም። ስለዚህ የታችኛዎቹን ኪዎች ብቻ መርጬ እጀታቸውን ቬክተር አደረግኩ። ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ታች ሲያርፍ ይመታል።

አንድ ትልቅ ምት ተሠርቶ ሲያልቅ ሳይክልስ የሚባለውን የኤፍ ከርቭ ሞዲፋየር ሰጥቼ ራሱን እንዲደግም አደረግኩ። ግን 20 ሰከንድ ሙሉ ያንኑ ቢደግም ይሰለቻል። ከተወሰነ ድግምግሞሽ በኋላ ወደ እውነተኛ ኪፍሬም ቀይሬ አንዱን ምት አሳድጌ፣ አንዱን አሳንሼ፣ አንዱን ጭራሽ ዝም አስብዬዋለሁ። ዝም ያልኩት ቦታ ነው ጎበዜ መጀመሪያ ሰው የመሰለኝ።

ነሐሴ 14

የቡሄ ሙልሙል እየገመጥኩ ጋቢ እያለበስኩ ነው።

ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ይከብዳል። እንደ ነጠላ አይውለበለብም። ስለዚህ ክሎዝ ሲሙሌሽን (የጨርቁን እንቅስቃሴ በራሱ የሚያሰላው) ላይ ያሉትን ዝግጁ አማራጮች ብትሞክሩ ቀላሉ ሐር ሁሉ አይሆንም፤ ማሱን ከፍ፣ የመታጠፍ ግትርነቱንም ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። አራቱን ድርብ ግን ሞዴል አታድርጉ። አንድ ሳሳ ያለ ጨርቅ ሠርታችሁ ውፍረቱን በሶሊዲፋይ ስጡት።

እውነቱን ለመናገር ሙሉ ጋቢውን ሲሙሌት ማድረግ ለኔ ላፕቶፕ ቅጣት ነው፣ ለጎበዜም አያስፈልገውም። ሰውነቱ ላይ የተጠመጠመው ክፍል ከሰውነቱ ጋር ነው የሚሄደው። ስለዚህ የሰውነቱን ዌይት ወደ ጋቢው አስተላለፍኩ፤ ትራንስፈር ዌይትስ ብላችሁ ቅርብ ካለው ፌስ እንዲወስድ ማድረግ ነው። ሲሙሌሽን የሰጠሁት ትከሻውን አልፎ ከኋላ የተንጠለጠለውን ጫፍ ብቻ ነው። በፒን ግሩፕ ሌላው ሁሉ ቀይ (የታሰረ)፣ ጫፉ ብቻ እየሳሳ ወደ ሰማያዊ (ነጻ)። ትከሻው ሲመታ ጫፉ ትንሽ ዘግይቶ ይነሳና ይወድቃል። የሚታየው እሱ ነው፣ ሌላውን ማንም ልብ አይለውም።

ሲሙሌሽኑ ፍሬም 1 ላይ አይጀምር። ከዚያ በፊት ጎበዜ ከመነሻው አቋም ወደ መጀመሪያው አቋም ቀስ ብሎ የሚገባበት ጊዜ ስጡት፤ እኔ ከነጌቲቭ 40 ነው የጀመርኩት። አለበለዚያ ጨርቁ የመጀመሪያው ሰከንድ ላይ ደንግጦ ይበተናል።

ዱላው ሌላ ጣጣ ነው። መጨረሻ ላይ ጎበዜ ዱላውን ከአንገቱ ኋላ በሁለቱ ትከሻ ላይ አጋድሞ እጆቹን አንጠልጥሎበት እንዲመታ እፈልጋለሁ። እረኛም ገበሬም እንደዚያ ሲሄድ ታዩታላችሁ። ጥያቄው ማን ማንን ይከተል ነው። ዱላው እጁን፣ እጁ ዱላውን ከተከተለ ብሌንደር ክብ ይገባና ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። አለቃው አንድ መሆን አለበት። ዱላው መሬት ሲመታበት የቀኝ እጁን ይከተላል፤ ትከሻ ላይ ሲወጣ ደረቱን ይከተላል፣ ሁለቱ እጆች ደግሞ በአይኬ ዱላውን። መቀያየሪያው ቻይልድ ኦፍ ኮንስትሬይንት ነው፤ ሁለት ሰጥቼው ኢንፍሉዌንሳቸውን በአንድ ፍሬም ልዩነት አንዱን 0 ሌላውን 1 ማድረግ። ሴት ኢንቨርስ የምትለዋን ካልነካችኋት ዱላው ሜዳ ላይ ተፈናጥሮ ታገኙታላችሁ።

ነሐሴ 26

አያ እንደገና መጡ። ሬንደር ያልሆነውን (ወደ መጨረሻው ምስል ያልወጣውን)፣ ከቪውፖርት፣ ከሥራው መስኮት፣ በፍጥነት ያወጣሁትን ግራጫ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሁለት ጊዜ አዩ።

«ትከሻው ይመታል፣ አይደለም አልልም» አሉ። «ግን ይሄ ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?»

ልክ ናቸው። እሳቸው ሲመቱ ከአፋቸው «እስስ» የሚል ትንፋሽ ይወጣል፣ ከከባዱ ምት ጋር። ደረቱ ላይ አንድ ሼፕ ኪ ጨመርኩ፤ የጎድን አጥንቱን በትንሹ ያሰፋል፣ ምት ሲያርፍ ጠብ ብሎ ይወርዳል። ሆዱም ትንሽ ገባ። አፉን ደግሞ በአንድ አጥንት ብቻ ከፈት አደረግኩት። ለነገሩ ፊት ላይ የሠራሁት ይሄንና ዓይኑን ብቻ ነው።

እግር ላይም አንድ ነገር ነገሩኝ፦ «መሬቱን አይረግጥም፣ ይነካካዋል እንጂ።» ዳሌው ሲወርድ ሁለት ፍሬም ቀድሞ ክብደቱን ወደ አንድ እግር እንዲያሳልፍ አደረግኩ። ተረከዙም ምቱ ላይ ብቻ ትነሳለች።

ጳጉሜን 2

ሬንደር። ኢቪ (የብሌንደሩ ፈጣኑ ሬንደር ማድረጊያ)፣ 1280 በ720፣ 480 ፍሬም።

በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር አታድርጉ። በተለይ እኛ አገር። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀርና ሁሉም ይበላሻል። ወደ ፒኤንጂ አውጡት፤ እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ፋይል ነው። ኦቨርራይት የምትለዋን አጥፏት፤ መብራት ሲመለስ ሬንደር ስትሉት ያለቁትን እየዘለለ ከቀረው ይቀጥላል። ፕሌስሆልደርን (ሬንደር ከመጀመሩ በፊት ለፍሬሙ ባዶ ፋይል የሚያስቀምጠውን) ካበራችሁት ግን ተጠንቀቁ፣ ሬንደር እየሆነ ሳለ የተቋረጠው ፍሬም ባዶ ፋይል ሆኖ ይቀመጥና «አለ» ተብሎ ይታለፋል። ከመቀጠላችሁ በፊት ፎልደሩን በመጠን ደርድራችሁ 0 የሆነውንና ከሌሎቹ በጣም ያነሰውን አጥፉ። ፕሌስሆልደር ባይበራም የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩት፤ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የጋቢውን ጫፍ ከሬንደር በፊት ቤክ አድርጌዋለሁ፣ ማለትም እንቅስቃሴው ቀድሞ ተሰልቶ ተቀምጧል። ካላደረጋችሁት ከመሃል ስትቀጥሉ ጨርቁ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ፒኤንጂዎቹን ከማሲንቆው ጋር ሲኩዌንሰር ላይ አገናኝቼ በኤችዶት264 አወጣሁት። ድምፁ ኤኤሲ። ለቴሌግራም ትንሽ ናት፣ በዳታም ታልፋለች።

የቀረኝ ሴቷ ናት። ረጅም ቀሚስ፣ መቀነት፣ ከጎበዜ ፊት ለፊት ቆማ። ሪጉን ኮፒ አድርጌ ትከሻውን አጠበብኩት፤ የሐምሌዋ የሙከራ አክሽን ያለምንም ችግር ሠራችላት። የቀሚሱ ታችኛው ክፍል ሲሙሌሽን ይሁን አጥንት ገና አልወሰንኩም፤ ሁለቱንም ዝቅተኛ ሞዴል ላይ ሞክሬ የፈጠነውን እይዛለሁ። የጎበዜን ፋይል የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ ከነ ድራይቨሩ እልካለሁ፤ 3.6 ላይ ስለተሠራ በአዲሱ ስትከፍቱት ሌየሮቹ ወደ ቦን ኮሌክሽን ተቀይረው ይመጣሉ፣ ስማቸውን ብቻ አስተካክሉ።